ለዓይኔ የተስተካከለ ቀለም

ከድሬዳዋ ሐርጌሳ መጥቼ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በሚገኝ የሴቶች ልብስ ሱቅ ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። የሱቁ ባለቤት እድሜዋ የገፋ ሶማሌ ናት። ልጅነቷን በስደት ድሬዳዋ ስላሳለፈችና እዚያው ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ አያንስም። ሁሉም ሰው «ኤዶ» ይላታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔም እንደ ድሬ ልጅ አንቺ እያልኩ ነው የማናግራት። አንድ ቀን ሰው ፊት «እርስዎ» ብላት ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ሥራውን ወድጄው ነበር። ደንበኞች ዲራዕ የሚባለውን ሰፊና ስስ ቀሚስ በስልክ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። እኔ ደግሞ ከሥሩ የሚለበሰውንና ከላይ የሚደረበውን ሻሽ ከቀለሙ ጋር አስማምቼ በባጃጅ እልክላቸዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካልኛል። አንዳንዴ ግን የላክሁት ዕቃ ተመልሶ ይመጣል፤ ደንበኛዋም ምነው ይሄ ልጅ ልቡ የት ነው ያለው ትላለች።

ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ልጅ ሆኜ የበሰለ ቲማቲም መርጠህ አምጣ ስባል ጥሬውን ይዤ እመጣ ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ የሳልኩት ዛፍ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ መምህሩ ክፍሉን ሁሉ አስቆበት ያውቃል። ልብ የለውም ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ። ያደግሁትም ሌላው ሰው በትኩረት የሚያደርገውን እኔ በግድየለሽነት እንደማበላሸው እያሰብኩ ነው።

አንድ ጊዜ ሰርግ የደገሰች እናት ለሙሽራዋ እህቶች አንድ ዓይነት ጥቁር አረንጓዴ ዲራዕ አዘዘች። መርጬ፣ አጣጥፌ ላክሁ። በማግስቱ ራሷ ከረጢቱን ይዛ መጣች። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸውና ድምፅዋን ሳታነሳ በሶማልኛ ጠየቀችኝ።

«ከልጆቼ መካከል ከእህቶቿ የተለየ ቀለም የምትለብሰው የትኛዋ ናት?»

አየኋቸው። ደግሜ አየኋቸው። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበሩ፤ እንደዚያው አልኳት። ሴትዮዋ ያላገጥኩባት መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ። ኤዶ ግን ቀሚሶቹን ትታ እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ሻይ አስመጣች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ በስህተት የገቡትን ቡናማዎች በአረንጓዴ ቀይራ ሴትዮዋን እስከ በር ሸኘቻት። ሰርጉ ገና ስለነበር በዚያ በኩል ጉዳት አልደረሰም።

ስትመለስ ሥራውን ልቀቅ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከመደርደሪያው ጨርቆች እያወረደች፣ አረንጓዴውን ወደዚህ፣ ቡናማውን ወደዚያ አድርግ አለችኝ። ጨርቆቹን አየሁ፣ ዳበስኩ፣ በግምት ለየሁ። ጨርሼ ቀና ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ልጄ፣ ይሄ ስንፍና አይደለም» አለችኝ። «ዓይንህ ነው። ነገ ሐኪም ጋ ሂድ።»

ለምሳ ኮድቡር ሰፈር ወዳለው የኪራይ ቤታችን ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳህኑን አስቀምጣ ፈገግ አለች።

«ሽማግሌ ልከህ ቤታችን የመጣህ ቀን ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አላስታውስም ነበር።

«ቡናማ ያምርብሻል አልከኝ። የለበስኩት አረንጓዴ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንተ ብዬ ቡናማ መልበስ ጀመርኩ፤ አንተ ግን ልዩነቱን አላየህም።»

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሏት እንደነበር፣ ስትቆይ ደግሞ ቅር እንዳይለኝ ብላ እንደተወችው ነገረችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ባለ ቀለም ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገልጣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቁጥር አንብብ አለችኝ። ብዙዎቹ ገጾች ላይ ምንም ቁጥር አልታየኝም። አብሮኝ የተወለደ መሆኑን፣ ቀይና አረንጓዴን እንደሌላው ሰው እንደማልለይ፣ መድኃኒት እንደሌለውና እየባሰም እንደማይሄድ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። በእናትህ በኩል እንዲህ ያለ አጎት አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ልወጣ ስል አንድ ነገር ጨመረችልኝ፤ ስልክህ ውስጥ ቀለሙን ለዓይንህ እንዲመች የሚያስተካክል ቦታ አለ፣ ፈልገው አለችኝ።

በዚያው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ስልኩን ይዘን ፈለግን። ስልኬ በአማርኛ ስለሆነ «ተደራሽነት» የሚል አገኘን፤ እሱን ስንከፍት ደግሞ «የቀለም ማስተካከያ» የሚል ከሥሩ ወጣ። ከምርጫዎቹ የመጀመሪያውን ስንነካ ማያ ገጹ በሙሉ ግራጫ ሆነ፤ ባለቤቴ ይሄማ የድሮ ፎቶ ነው ብላ ቶሎ አጠፋችው። ሁለተኛው ለሰማያዊና ለቢጫ የተሠራ ስለሆነ አልጠቀመኝም። ሦስተኛው ለአረንጓዴ የሚል ነበር። ነካሁትና ካሜራውን ከፍቼ ባለቤቴ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ወደተከለችው ቲማቲም አዞርኩት።

ቲማቲሞቹ ከቅጠሉ ውስጥ ወጡ። በየቀኑ አጠገቡ እቀመጥ ነበር፤ ፍሬው መብሰሉን ግን ስትነግረኝ እንጂ በዓይኔ አላውቅም። አሁን የበሰሉት ብቻ ለየት ብለው ከሩቅ ታዩኝ። ስልኩን ወደ ታች አደረግሁ፤ ተመልሰው ጠፉ። ቀና አደረግሁ፤ መጡ።

«ሱብሓነላህ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ባለቤቴ ቤት ገብታ ሻሾቿን፣ የበርበሬ ብልቃጡን፣ ያገኘችውን ሁሉ እያወጣች በካሜራው ፊት ትይዝልኝ ጀመር። በመጨረሻ ራሷ ስልኩን ተቀብላ አየችበትና ፊቷን ጨምደድ አደረገች።

«ለእኔ ተበላሽቷል» አለች። «ለአንተ ግን ተስተካክሏል። እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዘመን አንተና እኔ የምናየው የተለያየ ነበር።»

እውነትም ስልኩ ያሳየኝ የሌላውን ሰው ቀይ አይደለም። ቀለሞቹን ፈቀቅ አድርጎ ልዩነታቸው እንዲታየኝ ማድረጉ ብቻ ነው። ቢሆንም ልብ የለውም የተባለው ልጅ ልብ ነበረው። ያን ቀን ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ ከትከሻዬ ላይ የወረደልኝን ሸክም የማውቀው እኔ ነኝ።

ሱቅ ስገባ ለኤዶ አሳየኋት። መደርደሪያውን በስልኬ እያየሁ አረንጓዴዎቹን ከቡናማዎቹ ለይቼ በየቦታቸው አስቀመጥኩ፤ እሷ ከኋላዬ እየተከተለች ታረጋግጥልኛለች። አንድም አልሳትኩም። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ፎቶ ስትልክ ፎቶውንም ጨርቁንም በዚያ አያለሁ። አሁንም የሚያስቸግረኝ አለ፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝና ግራጫ ሲገጥመኝ እሷን እጠይቃለሁ። ድሮ ለመጠየቅ እሳቀቅ ነበር፤ አሁን ጨርቁን ከፍ አድርጌ ኤዶ፣ ይሄ ምንድነው እላታለሁ፣ ትነግረኛለች።

ኤዶም ለራሷ የሚሆን አገኘች። ከሰዓት በኋላ በታብሌቷ ቁርአን ስታነብ ዓይኗ እንባ ይሞላ ነበር፤ እርጅና ነው ብላ ልትተወው ምንም አልቀራትም። የእኔን ካየች በኋላ ለዚህስ መላ አይኖረው ይሆን አለችኝ። የገጹን ንጣት ወደ ቢጫ ጠጋ አድርጌ፣ ብርሃኑን ቀንሼ፣ ፊደሉን አጎላሁላት። መነጽሯን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች፤ ገጽ ስትገልጥ አየኋት፣ ሌላም ገለጠች። ሱራውን እስክትጨርስ ደንበኞቹን ብቻዬን አስተናገድኩ።

የሙሽራዋ እናት ለዒድ ልብስ ተመልሳ መጣች። ስልኬን ጨርቁ ላይ ደግኜ ስታየኝ ምን እየሠራህ ነው አለችኝ፤ ነገሩን አስረዳኋት። በዚያ ቀን ባንተ ላይ ክፉ አስቤ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ አለችኝ። የቀሚሷንም ምርጫ ለእኔ ትታ ሄደች፤ አንተ ምረጥልኝ ብላ።

የሐኪሟ ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እናቴን ደውዬ ጠየቅኋት። ሳቀችና ወንድሟን አነሳችልኝ፤ ገበያ በላኩት ቁጥር የተሳሳተ ቀለም ይዞ የሚመጣውን፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚቀልድበትን አጎቴን። እሱ አሁንም ድሬዳዋ ነው፤ ከቤቱ ሳይወጣ ስለሚውል ለጨዋታ ጊዜ አያጣም። በቪዲዮ ደወልኩለትና የገጠመኝን ሁሉ ነገርኩት።

«እንግዲያው ብቻዬን አልነበርኩማ» አለኝ።

የቱ ጋ እንደሚነካ በዝግታ እየነገርኩት ስልኩን አስተካከልን። አንዴ ቋንቋው ተቀየረበት፣ አንዴ ስልኩ ተዘጋበት፤ መልሼ ደወልኩ። በመጨረሻ ሲሳካለት በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ስልኩን ወደ መንገዱ ማዶ አዞረው። እዚያ ቀይ አበባ የሚያብብ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ አለ። ድሮ ማበቡን ያውቅ የነበረው ከሥሩ የረገፈውን አበባ ሲረግጥ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ቆይቼ ይሰማሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ይሰማኛል» አለ። «ቆይ፣ እያየሁ ነው።»