መካን ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ጫማዬን እየወለወልኩ ሬዲዮ ስሰማ አንድ ወጣት ባለሙያ የአትክልት ዝንብን በዝንብ ስለማጥፋት ያስረዳ ነበር። ወንዶቹ በጨረር ተመትተው ማሳ ላይ ይለቀቃሉ፤ «ዘር የማይተኩ ወንዶች» አላቸው። ጥሩ ቃል መርጧል። እኔ በደርግ ጊዜ፣ ሮቢት ላይ፣ ያንኑ ነገር ለማስረዳት የመረጥኩት ቃል ሌላ ነበር።

ከእርሻ ትምህርት ቤት ገና መውጣቴ ነው። የተከራየሁት ክፍል በአያ ሰይድና በባለቤቱ በሐዋ ግቢ ውስጥ ነበር። የሮቢት ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ሐዋ የማሽላ እንጀራ በእርጎ ስታቀርብልኝ ግን ምደባዬን ማማረሬን እተው ነበር። በሰባት ዓመት ትዳራቸው ልጅ አልወለዱም። ሰይድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘመዶቹ ግን «መካን ታቅፈህ እስከ መቼ?» እያሉ ወጥረው ያዙት። ዱባው ሲነሣ ወደ ዋጃ፣ ወደ አባቷ ቤት ሊሸኛት መሆኑን እሷም እኔም እናውቃለን። ያን ዱባ የተከለችውም የኮተኮተችውም እሷ ናት።

ዱባውን ደግሞ ዝንብ ፈጀው። ለጋ ሳለ ሴቷ ዝንብ ወግታው እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ ከዚያ ውስጡ ትል ይሞላል። ለሙከራ የተላኩልን ዝንቦች በወረቀት ከረጢት ታሽገው ደረሱና የገበሬ ማኅበሩ አባላት ማሳው ዳር ተሰበሰቡ።

«ዝንብ ፈጀን ብንልህ ዝንብ ትጨምርልናለህ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ወረቀቴ ላይ ያለው ረጅም ቃል እንደማይገባቸው ገምቼ በአጭሩ «እነዚህ ወንዶች ናቸው፤ መካን ናቸው» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እነሱ መካን ሲሉ የሚያውቁት ሴት ነበር። «ሴቷ ጤነኛ ናት» ብዬ ቀጠልኩ፤ «ከነዚህ ጋር ስትገናኝ ግን እንቁላሏ አይፈለፈልም።»

ሐዋ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። እሷ አልሳቀችም።

«ወላሂ? ወንዱም ይመክናል?»

«ይመክናል፣ እትዬ ሐዋ።»

«ሰውስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ተምሬዋለሁ። ሰይድ ከፊት ተቀምጦ መሬቱን በዱላው ይጭራል። ቤቱ እያደርኩ፣ እንጀራውን እየበላሁ፣ በሰው ፊት ላዋርደው? የሚያበላኝ ማን እንደሆነ እንኳ ያኔ አላሰብኩም።

«እኔ የተማርኩት የዝንብ ነው» አልኳት።

እንደገና ሳቁ። እሷም ተቀመጠች።

ሙከራው አልሠራም፤ ከጎረቤት ማሳ ጤነኛ ወንድ እንደ ልብ ይመጣ ነበር። ዱባው ተነሣ፣ ሐዋም ዋጃ ሄደች።

ከስድስት ዓመት በኋላ አውቶቡሳችን ዋጃ ላይ ሲቆም ቲማቲም ስትሸጥ አገኘኋት፤ አንዱን ልጇን አዝላለች፣ ሌላው ቀሚሷን ይዞ ቆሟል።

«አንተ ግብርናው! የሰውንም ተማርክ?» አለችኝ እየሳቀች።

አፈርኩ። ሰይድ ሌላ አግብቶ እንደነበር፣ ያችም ሴት በሦስተኛው ዓመት «መካን ናት» ተብላ መሸኘቷን የነገረችኝ ራሷ ሐዋ ናት።

ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ የምትከነክነኝ ሐዋ አይደለችም። ሐዋስ መልሱን ዋጃ ላይ አገኘችው። ያችኛዋ፣ ሁለተኛዋ ሚስቱ፣ ግን ጥፋቱን የራሷ አድርጋ ነው የሄደችው፤ እኔ ያን ቀን አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ምናልባት ያን ቤት ባልገባች ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም።