ቀባሪ የሌለበት ቤት

በደርግ ጊዜ በከተማችን ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ውስጥ፣ የቀበሌ ቤት የማከፋፍለው እኔ ነበርኩ። ማከፋፈል ስል የወረፋውን መዝገብ እይዛለሁ፣ ተራው የደረሰውን እጠራለሁ፣ ቁልፍ አስረክባለሁ። ሰው የት ሰፈር እንደሚኖር የምወስነው እኔ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት ነው።

አንድ ቀን ተራው የደረሳቸው ከደጋ የወረዱ ሸክላ ሠሪ ባልና ሚስት ነበሩ። የሚስቲቱ አሮጊት እናት አብራቸው ናት፤ ታማለች፣ ሰው ደግፏት ነው የምትራመደው። የደረሳቸው ቤት ከኔ ቤት ሦስተኛው ነው። ቁልፉን ስሰጣት ሚስትየዋ በጋሞኛ መረቀችኝ፤ እኔም ትልቅ ቁም ነገር እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ሰፈሩ አንድም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቢሰድቧቸው ኖሮ የምከስበት አላጣም ነበር። ሰላም ይሏቸዋል፣ እጅ ግን አይጨብጡም። ድስቷን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፣ እሷ ውሃ ስትሰጣቸው ግን "አሁን ጠጣሁ" ነው መልሱ። ከሸክላ ሠሪ ጋር መብላት መጠጣት ጎሜ ነው፣ እርግማን ያመጣል ይላሉ። አደባባይ ወጥቶ የእኩልነት መፈክር ሲባል ደግሞ ከነሱ በላይ የሚጮህ አልነበረም።

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ችላ ኖረች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እድር መግባት። የእናቷ ቀን እንደቀረበ ታውቃለች፤ አስከሬን ይዞ እስከ ደጋው ያን አቀበት የሚወጣ ደግሞ የለም። የሰፈራችን እድር አዲስ ሰው የሚቀበለው ሁለት አባላት ዋስ ሆነው ሲፈርሙለት ነው።

አንዱን እኔ ፈረምኩ። ሁለተኛውን ፍለጋ ስንት ሳምንት ዞርኩ። አንዱ ጎረቤት ሚስቴ ትቆጣለች አለኝ፤ ሚስቱን ብጠይቃት እሱን ጠይቂው አለችኝ። ስብሰባ በከፈተ ቁጥር "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለው የእድሩ ዳኛ መዝገቡ ሞልቷል አለኝ። በሳምንቱ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ዕቃውን እንኳ ሳይፈታ ተመዘገበ።

በመጨረሻ ባለቤቴን ለመንኩት። መምህር ነው፤ በየሳምንቱ በውይይት ክበብ ስለ ጭቁኖች የሚያስተምር።

"ሰው ምን ይለኛል?" አለኝ።

ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ቁርሱን ግን በሰዓቱ አቀርብ ነበር፤ የኔም ጀግንነት እስከዚያ ነው።

በዚያው ሰሞን ሴትዮዋ ቁልፉን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ወዲያ፣ ወደ አባያ ሐይቅ ዳር፣ ቀደም ብለው የወረዱ ሸክላ ሠሪዎች ጎጆ የቀለሱበት ቦታ አለ፤ እዚያ ልንገባ ነው አለችኝ። ተቆጣኋት። ያን ሁሉ ሰው ትቼ እሷን መቆጣቴ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል። ቦታው ወባ አለበት፣ ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ቤቱ በሕግ ያንቺ ነው፣ ማንም አያስወጣሽም እያልኩ ዘረዘርኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ክረምቱ ሳይወጣ እናቷ ሞተች። ወባ ነው አሉ። ለቅሶ ልደርስ ብቻዬን ወረድኩ፤ ባለቤቴ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኔ ይልቅ ንዴቴ ይበልጥ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ "ብዬሽ አልነበር?" እያልኩ በልቤ ስጨቀጭቃት ነው የሄድኩት። ስደርስ ሜዳው በሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ቃሬዛውን ለመሸከም ይሻማሉ፤ አንዱ ሳይደክመው ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ብዙዎቹ አሮጊቷን በሕይወት ሳለች ከጥቂት ሳምንት በላይ አላወቋትም።

ከቀብር መልስ ሴትዮዋ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዝም ማለት ሲገባኝ አመለጠኝ፤ ሴቻ ብትቆዩ እናትሽ ትንሽ ትኖር ነበር አልኳት።

አልተቆጣችም። ዓይኗን ጠረገችና አየችኝ።

"ትኖር ነበር" አለች። "ስትሞትስ? አንቺ ብቻሽን ትሸከሚያት ነበር?"