ለአንድ ወር የሚበቃ አማርኛ

ሰማኝ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ሲኖር ክፉ የተናገረው ጎረቤት የለም። ጠዋት ፕላስቲክ ፋብሪካ ይገባል፣ ማታ ይመለሳል፣ ቅዳሜ ምኩራብ ይሄዳል። ለሰው ሁሉ ደግ ነው። ክፉ የሆነው በአማርኛ ላይ ብቻ ነበር፤ ከገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ድመት አባረረው።

ነገሩ የጀመረው ልጁ ሮተም አራት ዓመት ሲሆናት ነው። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት እሱንና ሚስቱን ትዋበችን ጠርታ፣ ሁለት ቋንቋ የልጅ አእምሮ ያወሳስባል፣ ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ ብቻ ተናገሩ አለቻቸው። ትዋበች አኮረፈች። ሰማኝ ግን ራሱ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ፣ መምህር ያለው ሁሉ እንደ ኦሪት የሚከበር ይመስለው ነበር። ዕለቱን ሕግ አወጣ። ልጁን በተሰባበረ ዕብራይስጥ አባበላት፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ተቆጣት። ባልና ሚስት አማርኛ የሚያወሩት በር ዘግተው፣ ያውም ሲጣሉ ነው። ሮተም ከበሩ ማዶ እየሰማች አማርኛን የጠብ ቋንቋ አድርጋው አደገች።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ሮተም ውትድርናዋን ጨረሰች። እዚህ አገር ከሠራዊት የተሰናበተ ወጣት ሙቺላ የሚሉትን ትልቅ የጀርባ ሻንጣ አዝሎ ዓለም ካልዞረ የተሰናበተ አይመስለውም። ጓደኛዋ ኢንባር ታይላንድ ሄደች። ሮተም ግን አርብ እራት ላይ፣ እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ፣ "እኔ ጎንደር ነው የምሄደው፤ አንድ ወር" አለች።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አለ ሰማኝ። ሊተረጉምላት ሞክሮ አልሆነለትም።

"አብረን እንሂድ፣ አባ። ዶዳ ትሁንን ታያታለህ።"

ዶዳ ያለቻት አክስቷን፣ የሰማኝን ታላቅ እህት ነው። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው እትዬ ትሁን ናት። ክርስቲያን አግብታ ወልዳ ስለነበር፣ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ቤተ እስራኤል ዘመዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወጣ እሷ ቀረች። ሲሰናበታት "በዓመቴ መጥቼ አይሻለሁ" ብሏት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው። በበዓል በስልክ ይገናኛሉ፤ ሮተምም ስልኩን ሲሰጧት "ሻሎም፣ ዶዳ" ብላ ትመልሳለች።

"ሥራ አለብኝ" አላት ሰማኝ። ሥራ አልነበረም። አፍሮ ነው። በምን ዓይኑ ያያታል?

ሮተም ዝግጅቷን ጀመረች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋች። የክትባት ወረቀት፣ የዝናብ ልብስ፣ የግንባር መብራት፣ የውሃ ማጣሪያ ሳይቀር ደረደረች። ሙቺላዋን አዝላ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ከበዳት መሰለ፣ አንድ ሸሚዝ ታወጣለች። ባሕር ዳር ሦስት ቀን፣ ጎንደር ስድስት ቀን፣ የቀረውን ሰሜን ተራሮች ላይ በእግር። ለጫማዋ ማሰሪያ እንኳ መለዋወጫ ይዛለች።

"ከሰው ጋር በምን ልታወሪ ነው?" አላት አባቷ።

"በስልኬ። ይተረጉማል።"

ሰማኝ ስልኩን ተቀብሎ እህቱ የምታወራውን የመሰለ የጎንደር አማርኛ ተናገረበት። ያወጣውን ዕብራይስጥ አንብባ ሮተም በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልሳቀም። እህቱ ዘንድ ልጁን ድዳ አድርጎ ሊልካት መሆኑ ያን ጊዜ ታየው።

ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰማኝ አማርኛ ማስተማር ጀመረ። ከሥራ ሲወጣ ብሔራዊ ፓርኩ ይሄዳሉ፤ እሷ ሙቺላዋን አዝላ በጥንታዊቷ ከተማ ፍርስራሽ መሃል ወደ ባሕሩ ስትራመድ፣ እሱ ደብተር ይዞ ይከተላታል። ፊደል ስለማታውቅ ቃሉን በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፍላታል። "ጨው" ላይ ሲደርስ ለ"ጨ" የሚሆን ፊደል አጥቶ ቆመ። ያም ሆኖ ሮተም ፈጣን ናት። ውሃ፣ ስንት ነው፣ በቃኝ፣ በ"ቶዳ" ፈንታ አመሰግናለሁ፤ ሁሉንም በሳምንት ያዘች። የመንገድ አማርኛዋ ሞላ።

አንድ ቀን ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ሳለ፣ "አባ፣ 'አባቴ ስለ አንቺ ሁልጊዜ ያወራኛል' እንዴት ይባላል?" አለችው።

ሰማኝ እርሳሱን አስቀመጠ። "አውርቼልሽ አላውቅም እኮ።"

"አውቃለሁ። ደስ እንዲላት ብዬ ነው።"

እንግዲያው አሁን ልንገራት ብሎ ተነሣ። ስድስት ዓመቱ ሳለ ወባ ይዞት፣ እትዬ ትሁን በጀርባዋ አዝላው፣ ሙላት ያለበትን ወንዝ በጥርሷ ነጠላዋን ነክሳ ተሻግራ፣ "አይዞህ ጋሻዬ፣ አንተ ከሞትህ ማን ይድረኛል" እያለች እያሳቀችው ጤና ጣቢያ እንዳደረሰችው። ይህ ሁሉ በአማርኛ ልቡ ውስጥ አለ። በዕብራይስጥ የወጣለት ግን፣ "ታመምኩ። እህቴ ተሸከመችኝ። ዳንኩ" የሚል ብቻ ነው።

"በቃ?" አለች ሮተም።

"በቃ" አላት።

ሄደች። በሰባተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ እትዬ ትሁን ናት።

"ሰማኝ፣ ልጅህን አየኋት። እናታችንን ቁርጥ! ይኸው ከአጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛ ታለቅሳለች፤ እኔም አለቅሳለሁ።" ቀጥላም፣ "ምነው ወንድሜ፣ ምን በደልሁህ? ልጅ ላክህልኝ፣ የሆዷን የምጠይቅበት አፍ ግን ነሳኸኝ" አለችው።

መምህርቷ ናት እንዲህ ያደረገችኝ ሊላት ፈለገ። ሕግ ያወጣው ግን እሱ ነበርና ተወው።

ሮተም ተራራውን ትታ ቀሪውን ወር እዚያው አክስቷ ቤት ከረመች። ምን እንደምትሠራ በመልእክት ሲጠይቃት፣ "ተቀምጬ እሰማለሁ" ብቻ ትለዋለች።

ስትመለስ ሰማኝ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ጠበቃት። ፊቷ ጠቁሮ፣ ሙቺላዋ አቧራ ጠጥቶ ወረደች። ከፊቱ ቆመች፣ እንደሚፈተን ተማሪ ትንፋሿን ሳበችና፣ በአማርኛ፣ ያውም በእህቱ ለዛ፦

"አባቴ፣ እንደምን ሰነበትህ? እትዬ ትሁን 'ዓመቱ ገና አላለቀም ወይ?' በይው ብላኛለች" አለችው።

ሰማኝ አፉን ከፈተ። መናገር የፈለገው ብዙ ነበር። ነገር ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለዚህች ልጅ ሲመልስበት የኖረው ቋንቋ ቀደመው፤ በዕብራይስጥ፣ "ደክሞሻል፣ ሻንጣውን ስጪኝ" አላት።

ሮተም ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ሙቺላዋን አውልቃ አቀበለችውና፣ እሷም በዕብራይስጥ፣ "ቶዳ፣ አባ" አለችው።