ለሄሬፎርድሺር ምስክር ፍለጋ

የሰው አገሩ የተወለደበት ብቻ ነው ያለው ማነው? አቶ ልሳነወርቅ ይህን በጠየቁ ቁጥር አሜሪካ ያለው የሲልቨር ስፕሪንግ ኢትዮጵያውያን ሽማግሌዎች ማኅበር አባላት፣ «እኛ ነና ያልነው!» እያሉ ይስቁባቸዋል።

በማኅበሩ ደንብ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አባል ስለ አገሩ ያወራል፤ የዚያው አገር ሰው ደግሞ ምስክር ሆኖ ከጎኑ ይቀመጣል። ደንቡ የወጣው አንዱ የመንደሩን ጅረት ከዓባይ አስበልጦ ካወራ ወዲህ ነው። አቶ ልሳነወርቅ ተራቸው ሲደርስ የእንግሊዟን ገጠር፣ ሄሬፎርድሺርን መረጡ። አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት የጎልማሳነት ዕድሜያቸውን እዚያ አሳልፈዋል፤ መጀመሪያ ፖም ሲለቅሙ፣ በኋላም ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ። ያን ዘመን የሚያውቅላቸው ሰው የለም። ሳይናገሩት ቢሞቱ እንዳልኖሩት ይቆጠራል።

«ደሴ ተወልደህ እንግሊዝ ልትሆን?» አሉ ሰብሳቢው አቶ ክፍሌ። «ምስክርስ ከየት ልታመጣ ነው? ከቤተ መንግሥታቸው?»

«አመጣለሁ።»

«ካላመጣህ ስለ ደሴ ታወራታለህ።»

«አመጣለሁ አልኩህ እኮ!»

እንግሊዝ የተባለ የሚሳለምበትን ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ዞሩ። አውቶቡስና ሜትሮ እያቀያየሩ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ድረስ ወርደው፣ በመጨረሻ ሄሬፎርድሺር የተወለዱ ጡረተኛ ነርስ አገኙ፤ ወይዘሮ ሜሪን።

ቅዳሜ አቶ ልሳነወርቅ ሰሌዳው ላይ ካርታ ሳሉ። «በምዕራብ ጥቋቁር ተራሮች ናቸው፤ ማዶው ዌልስ ነው። መካከሉ ረባዳ፣ አፈሩ እንደ በርበሬ የቀላ። ከብቱ እንኳ ገላው ቀይ፣ ፊቱ ነጭ ነው። ሰዉ ቁጥብ ነው፤ ‹ናት ባድ›፣ ‹መጥፎ አይደለም›፣ ካለህ አድንቆሃል ማለት ነው። ዋይ የሚባለው ወንዝ ደግሞ...» ብለው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ጫር አደረጉ።

ወይዘሮ ሜሪ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ መስመሩ እየጠቆሙ አንድ ነገር ተናገሩ። የገጠር አነጋገራቸውን ከአቶ ልሳነወርቅ በቀር የተረዳው አልነበረም።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ክፍሌ።

አለዝበው ቢተረጉሙት ማን ያውቅባቸው ነበር? ዋሽተው ያገኙት አገር ግን አገር አይሆንም። «ተሳስተሃል ነው የሚሉኝ። ‹እኛ ዘንድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር የለም፤ ወንዛችንም ይጠማዘዛል፣ ወሬያችንም ይጠማዘዛል።›»

«ሸዌ ናቸዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

አቶ ክፍሌ ግን አልሳቁም። «እንግዳ ሲሳሳት ዝም ይባላል» አሉ። «የሚታረመው የቤት ሰው ነው። ደሴ ትቆይህ፤ ቀጥል።»

አቶ ልሳነወርቅ መስመሩን በመዳፋቸው ጠረጉት። ወንዙን ከተራሮቹ ሥር አንሥተው፣ እያጎበጡ፣ እያዞሩ፣ በቀዩ ምድር ላይ እንደገና አወረዱትና ወደ ምስክራቸው ዞር አሉ።

ወይዘሮ ሜሪ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። «ናት ባድ።»

ይህን የሚተረጉም አላስፈለገም።