ጓጉንቸር የሌለው ልብስ

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ነው የሚላት። እንግዳ ሰው ልብስ ሰፊ ስለሆነች የወጣላት ስም ይመስለዋል። የለም፤ ስሙ የወጣላት በምላሷ ነው። ነገር የጀመራት ሰው ተከርክሞ ነው የሚመለሰው፤ እሷም ይህን ታውቃለች፣ አታፍርበትም። አንድ እሁድ ስብከቱ ረዝሞ ሰው ሁሉ ሲያንጎላጅ፣ የልብስ ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ከተቀመጠችበት ለሰባኪው ዘርግታ አሳይታዋለች። ሰባኪው ዛሬም እየሳቀ ያወራዋል።

የቤተ ክርስቲያኑን ኪቦርድ ሰርቆ የሸጠው እንግዲህ የዚህች ሴት አንድያ ልጅ ነው።

ያውም ራሱ የሚጫወትበትን። ከትንሽነቱ ጀምሮ ጣቱ ላይ አንዳች ነገር የተሰጠው ልጅ ነበር። አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ መዝሙር ሲጀምር፣ ከየትኛውም ድምፅ ይጀምር፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ ያዳምጥና ሰውየው ካለበት ሄዶ ያገኘዋል። ሌሎች ተጫዋቾች ዘማሪውን ወደ ራሳቸው ቶን ይጎትቱታል። እሱ ግን «እሱ ለምን ይመጣል፣ እኔ ነኝ እንጂ የምሄድለት» ይል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ሲኖር፣ ጋሽ ፉጨት የሚሉት በር ጠባቂ ግቢውን እየጠረገ ያፏጫል፤ ዜማ የሚባል ነገር አልፎበት አያውቅም። ልጁ ከውስጥ ሆኖ ያንን የተንጋደደ ፉጨት በኪቦርዱ እግር በእግር ይከተለዋል። አዛውንቱ ታዲያ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ዛሬስ አሳመርኩት አይደል?» ይላል። አላሳመረውም፤ ግን ማን ይነግረዋል።

ኋላ ሱስ ገባበት። እንዴት እንደገባበት መዘርዘር ምን ይሠራል፤ ቤቱ የደረሰበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ካውያው ጠፋ፣ ቀጥሎ የሞተው አባቱ ሰዓት ጠፋ፣ በመጨረሻ ኪቦርዱ። ሌላ ሌባ ቢሆን ሩቅ ወስዶ ለማያውቀው ሰው ይሸጠው ነበር። ይህኛው ግን ዕድሜ ልኩን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ሌባ ነው፤ ኪቦርድ ፈላጊ የት እንደሚገኝ የሚያውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ላለችው ለሌላዋ ቤተ ክርስቲያን ሸጠው። ያውም ከነልብሱ፣ አቧራ እንዳይገባበት ብሎ። ልብሱን የሰፋችው እናቱ ናት፤ ጥቁር ሸራ፣ ድርብ ስፌት፣ አፉ ላይ ስትደርስ ጥቁሩ ክር አልቆባት በአረንጓዴ የጨረሰችው። የሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች መዘምራን አንድ ላይ ሊያገለግሉ የተገናኙ ዕለት ጉዱ ፈላ። ያንን አረንጓዴ ክር የማያውቅ አልነበረም። ልጇን ያስያዘው የገዛ ስፌቷ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን የታሰረው ሌላ ሰው ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ የሚያድረው ጋሽ ፉጨት ኪስ ውስጥ ነውና፣ ፖሊስ መጀመሪያ አንጠልጥሎ የወሰደው እሱን ነው። ኪቦርዱ እስኪገኝ ጣቢያ ሰነበተ። ሲወጣ ወደ ሥራው መለሱት፣ ሽማግሌዎቹም ይቅርታ ጠየቁት። እሱም እሺ አለ። ማፏጨቱን ግን ተወ።

ልጁ ፍርዱን ጨርሶ የወጣ ቀን መቀስ እስር ቤቱ በር ላይ ቆማ ተቀበለችው። አዲስ ሸሚዝ ሰፍታለት ነበር፤ ትከሻው ላይ ሰፋው። በድሮ ልኩ ነበር የቆረጠችው። ቤት ሲደርሱ ከስፌት ክፍሏ ጀርባ ያለችው ጓዳ ገብቶ ተኛ፣ በቃ፣ ከዚያ አልወጣም። ሱሱን ትቷል፤ ይህንን እናት አይታ አረጋግጣለች። ሆኖም ሰው ሁሉን ትቶ ምን ይይዛል? የድሮ ጓደኞቹ ከውጭ ሆነው የጓዳውን መስኮት ማንኳኳት ጀምረዋል። እስካሁን አልከፈተላቸውም። መቀስ መርፌ ላይ ክር በምታስገባበት ሰዓት እንኳ ጆሮዋ ያ መስኮት ላይ ነው። አንድ ቀን እንደሚከፍትላቸው ታውቃለች፤ ከእነሱ በቀር የሚጠራው ከሌለ ምን ያድርግ?

ስለዚህ እሁድ አብረን እንሂድ አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እማዬ፣ ተዪኝ። እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ጨርሷል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሷ ይቀድማት ነበር። አሁን ግን ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጨርቅ ሳታስገባ ፔዳሉን ባዶውን ስትረግጠው ቆየች። ጨርሷል! ያንገበገባት ይህ ቃል ነው። እግዚአብሔር እንዲህ የሚጨርስ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጨርሰው ከእሷ ጋር ነበራ።

እሷ እዚያ አዳራሽ የገባችው ጌታን ፍለጋ አይደለም፤ ዝናብ ሽሽት ነው። ዘመድ ቤት ከሁሉም ኋላ እየበላች ያደገች፣ «ነይ» የሚላት አጥታ «ዞር በይ» እየተባለች የኖረች ልጅ ነበረች። ያን ቀን ከእግር እስከ ራሷ በስብሳ በሩ ሥር ቆማ ሳለ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች የማታውቃት ሴት ዞር ብላ አየቻት። አየቻትና አጠገቧ ያሉትን በክርኗ እየጎሸመች «ጠጋ ጠጋ በሉላት እንጂ» አለች። መቀስ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቀሚሷን ይዛ መሃላቸው ገባች። የሴትየዋ የእሁድ ልብስ በአንድ ጎኑ ብስብስ አለ፤ ሴትየዋ ፈቀቅ አላለችም። እግዚአብሔር እንደሚወዳት ያመነችው ያን ጊዜ ነው። የዕለቱን ስብከት አንድ ቃል አታስታውሰውም። ከዚያ ወዲህ ማንም፣ ምንም መጥቶ «አይወድሽም» ቢላት አትሰማም፤ ባሏ ሲሞት አልሰማችም፣ ልጇ በካቴና ሲወሰድም አልሰማችም። አሁን ከዚሁ ልጅ አፍ ልትሰማው ነው? ሞቼ ነው ቆሜ፣ አለች ለራሷ።

በዚያው ሳምንት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሸራ ተሸክሞ ስፌት ክፍሏ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር ይገባል። ባሏ የሞተ ጊዜ ከሬሳው ያልተለየ፣ ስትታመም መድኃኒት ይዞላት የሚመጣ ሰው ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ መቀስን የሚያስፈራትም ልስላሴው ነው። የድሮው ስላረጀ አዲስ ኪቦርድ መገዛቱንና ልብስ እንደሚያስፈልገው ነገራት። እንደ ድሮው ይሁን፣ ብቻ አፉ ላይ ጓጉንቸር የሚያስገባ የብረት ቀለበት ይደረግበት ብሎ ቀለበቶቹን ከነእሽጋቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይህን ሲናገር ወደ ጓዳው በር ላለማየት ተጠነቀቀ። መጠንቀቁን መቀስ አየችው።

ቀጥሎ የልጁን ነገር አነሳ። ሁሉም ይቅር ብሎታል፣ ቂም የያዘ የለም አለ። ብቻ ለጊዜው፣ ሕዝቡ እስኪረጋጋ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ቢያመልክ። የግድ መምጣት ካለበትም በሩ ሥር ያለው የኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ለራሱም ይሻለዋል፤ ሰው አያፈጥበትም። መቀስ ሸራው ላይ በቁራጭ ሳሙና መስመር እያሰመረች እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ይቅር ብላችሁታል?»

«በሚገባ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ጓጉንቸሩ ለማን ነው?»

ሰብሳቢው ጥንቃቄ ነው እንጂ አለማመን አይደለም አለ።

«ጌታ የሞተው በሁለት ሌቦች መሃል ነው ወንድሜ» አለችው። «ያን ቀንም ቦታ ቀይሩልኝ አላለም።»

ከዚያ ሸራውን አጣጥፋ ለእሁድ ይደርሳል አለች። ሰብሳቢው የተስማማችለት መስሎት አመስግኗት ሄደ፤ የዋህ ሰው!

ሰፋችው። ጥቁር ሸራ፣ ድርብ ስፌት፣ ጥግ ጥጉ ሁሉ ተደርቦ። ጥቁር ክር በሽ በሽ ነበራት። አፉ ላይ ስትደርስ ጥቁሩን ነቅላ አረንጓዴውን አስገባች። የብረት ቀለበቶቹን እሽግ አልከፈተችውም። ስትጨርስ ጓዳውን ከፍታ ልብሱን ልጇ ጭን ላይ ጣለችው። ልጁ አገላብጦ አየና አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ፊቱ ደም መሰለ።

«ጥቁር ክር ጠፍቶ ነው?»

«ሞልቷል። ይህ ክር ልጄን አስይዞብኛል፤ ግን ክሬ ነው፣ አላፍርበትም። አንተም ልጄ ነህ፣ አላፍርብህም። እሁድ አንተ ትሸከምልኛለህ፤ እኔ ወገቤን አሞኛል።»

ወገቧን አላመማትም። ልጁ በሩ ላይ አድርሶ እንደሚመለስ፣ ወደ ውስጥ እንደማይገባ ምሎ ተገዝቶ ነገራት። እሷም እናያለን አለች።

እሁድ ጠዋት መንገዱን በሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ ሄደች። ልጇ ልብሱን ታቅፎ ከኋላዋ ይከተላል። ያፈጠጠባቸውን ሁሉ ቀድማ «እንደምን አደርክ» እያለች ዓይኑን እንዲሰብር ታደርገዋለች። ግቢው በር ላይ ግን ጋሽ ፉጨት መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። መቀስ ለሰብሳቢው፣ ለመዘምራኑ፣ ለሰፈሩ ሁሉ መልስ አዘጋጅታ ነው የመጣችው፤ ለዚህ ሰው አንድም አላዘጋጀችም። ጣቢያ የሰነበተው በእሷ ልጅ ፈንታ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሄዳ ደጁን አልረገጠችም። ለልጇ ስትሟገት ከርማ ይህ ሰው ትዝ አላላትም። አቀረቀረች። ልጇም አቀረቀረ። ሰላም ሳይሉት አለፉ።

ሰብሳቢው አዳራሹ መግቢያ ላይ ልብሱን ተቀብሎ አገላበጠው። ቀለበቶቹስ ብሎ በዝግታ ሲጠይቅ፣ እሽጉን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ጓጉንቸር ካሻችሁ ሌላ ሰፊ ፈልጉ አለችው። ልጁ ዞር ብሎ ሊሄድ ሲል እጅጌውን ያዘችው። ሰብሳቢው የኋላውን ወንበር በእጁ አመለከተ።

«እዚያ የሚቀመጠው የሚያረፍድ ነው» አለች መቀስ። «እኛ በጊዜ ነው የመጣነው።»

ልጇን እየጎተተች በመሃል መተላለፊያው አልፋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ ካስገባት ቀን ጀምሮ ቦታዋ ነው። ወዲያው ወንበሩ ላይ የነበሩት አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። አንዷ ውሃ ልትጠጣ፣ አንዱ ስልክ ሊያናግር፣ ሌላዋ እንዲያው ዝም ብላ፤ ሁሉም ታዲያ ቦርሳቸውን አልረሱም። ረጅሙ ወንበር ላይ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ።

«እሰይ፣ ሰፋ አለልን» አለች መቀስ፣ እስከ በሩ በሚሰማ ድምፅ።

 ልጇ በላብ ተጠምቋል። አልነገርኩሽም፣ አየሽ አይደል ብሎ በሹክሹክታ ብድግ ሲል ኮቱን ጨምድዳ ያዘችው። ጸሎት ከተባለ ጸለየች፤ ተቆጥታ ነው የጸለየችው። ጌታዬ፣ ያን ቀን ለእኔ ሰው አላጣህም፤ ለዚህ ልጅ ነው እንዴ የምታጣው? እምቢ፣ አልቀበልህም። ልጇ ወደ በሩ ሲስብ እሷ ወደ ወንበሩ ስትስብ፣ የሰፋችው የኮቱ ስፌት እጇ ውስጥ ጠረር ብሎ ተተረተረ። አልለቀቀችውም።

በዚህ መሃል በመተላለፊያው የከባድ ጫማ ድምፅ መጣ። ጋሽ ፉጨት ነው። አገልግሎት ሲጀመር በሩ ላይ ይቆማል እንጂ ገብቶ ተቀምጦ አያውቅም። መጥረጊያውን እንደያዘ ሁለተኛው ረድፍ ጋ ደረሰና ልጁ ፊት ቆመ።  ልጁ ወደ በሩ መሳቡን ተወ።

«ጋሼ፣ እኔ ነበርኩ። እርስዎ ታስረው እያለ እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ አዛውንቱ። «በጣም ነው የተቆጣሁህ። ዛሬም ጨርሶ አልወጣልኝም። በል ጠጋ በል።»

ልጁ ቁጭ ብሎ ጠጋ አለ። መቀስም ጠጋ አለች። ጋሽ ፉጨት መጥረጊያውን ወንበሩ ሥር ገፋ አድርጎ፣ ቦታው ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ትከሻው ከልጁ ትከሻ እስኪነካ ተጠግቶ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አረንጓዴ አፍ ያለውን ልብስ ታቅፎ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ቀረ።

አዲሷ ኪቦርድ ተጫዋች መዝሙሩን ጀመረች፤ ሕዝቡም እየቆየ ተቀበላት። ጋሽ ፉጨትም ተቀበለ፣ እንደ ልማዱ ከዜማው ወጥቶ፣ ጮክ ብሎ። ሌላ ቀን ቢሆን መቀስ አንድ ነገር ጣል ታደርግበት ነበር። ዛሬ ግን አንገቷን ደፍታ ስታይ፣ የልጇ ጣቶች ጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ኪቦርዱን አልነበረም የሚከተሉት። የአዛውንቱን የተንጋደደ ድምፅ ወዲህ ወዲያ እያሉ ፈለጉት፣ ፈለጉት፣ አገኙትም።