ውዱ ጊታር

ሁለት ጊታር ነበረኝ። አንደኛው ርካሽ፣ ከተለጣጠፈ ስስ ጣውላ የተሠራ፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ በፕላስተር ያሰርሁት፤ ሌላው ውድ። ስለ ውዱ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት፤ ነገሩ ግን ስለ እኔ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሁለት ሺህ ከገባ አራት አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጻባን፣ ወታደርነቱን ማለቴ ነው፣ ጨርሼ ቢሉ ሴንተር በሚባለው የገበያ ማዕከል አንድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስደረድር ሁለት ዓመት ቆየሁ። ከደመወዜ የተረፈችውን ሁሉ ይዤ ቴል አቪቭ ሄድሁና የአሮጌ መኪና ዋጋ አውጥቼ ጊታር ገዛሁ። ሻጩ ሲያሳየኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ እኔም ሳላውቀው በሹክሹክታ መለስሁለት። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ «ወይ ጉዴ! ያርሳል ወይስ ይታለባል?» አለች።

ዋጋው ይገባዋል ወይ? ዛሬም ሰው ይጠይቀኛል። እውነቱን ልናገርና፣ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ይገባዋል። ወፍራሙን ክር ስትነካው ድምፁ ደረትህ ላይ ይቆያል፤ የርካሹ ገና ሳይወጣ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ግን የሚሄደው አናቱ ላይ ለተጻፈው ስም ነው። ደግሞ ቅምጥል ነው! ሐምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አስቀምጥለት ነበር። ርካሹ አልጋ ሥር ተጥሎ ይከርማል፣ ምንም አይሆንም።

እናቴ በሰፈራችን በክፋር ግቢሮል ውስጥ፣ አረጋውያኑ ቀን ቀን በሚሰበሰቡበት ሞአዶን፣ ምሳ ታቀርብ ነበር። በዋጋው ብትናደድም እዚያ ሄዳ «ልጄ የመኪና ዋጋ ያለው ክራር ገዛ» ብላ አፏን ሞልታ አወራች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በሀገር ቤት ሸማኔ የነበሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ አባት፣ «እስቲ መኪና የሚያህለውን እንስማው፤ ይምጣ» ብለው ላኩብኝ።

ያላ፣ ይሁን ብዬ ሄድሁ። ይዤ የሄድሁት ግን ርካሹን ነው። እናቴ በር ላይ አይታኝ «ያኛውስ?» ብትለኝ፣ «ሙቀት አይችልም፤ ደግሞ ሻይ ይደፉበታል» አልኋት። በልቤ ያልሁት ሌላ ነው። «ለእነሱ ይሄም ይበቃቸዋል፤ ምን ያውቃሉ?» ነው ያልሁት። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በገዛ ወገኖቼ ላይ ነው ያልኋት፣ አፍራለሁ።

ሽማግሌው ጊታሩን በእጃቸው ዳሰሱት። ጣታቸው ፕላስተሩ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ አለፈች።

«ውዱ ይኸ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ውዱ ነው።»

ውድ ማለት ዋጋው የበዛም ነው፣ የሚወደድም ነው። የተማርሁበትን ጊታር እወደው የለ? እንግዲያስ አልዋሸሁም ብዬ ቃሏ ሥር ተደበቅሁ። ዓይናቸው በማያይ ሽማግሌ ላይ ቅኔ መዝረፌ ነበር፣ ሐፍረተ ቢስ!

ተጫወትሁ። ጸጥ ብለው ሰምተው ሲያበቁ «ገንዘብህን አልበሉህም» አሉ። ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው ርካሹን ተሸክሜ መሄድ ልማድ ሆነ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ሽማግሌው «ይኸ ልጅ ካለው ሁሉ ምርጡን ነው ይዞልን የሚመጣ» ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ክር የማስተካክል እመስላለሁ።

ውዱስ የት ነበር? ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ቴል አቪቭ፣ የጻባ ጓደኞቼ በረንዳ ላይ። ፈረንጆች ናቸው፣ ነጮቹ እስራኤላውያን። እየተቀባበሉ ይጫወቱበታል፣ ሲደክማቸው የቢራ ጠርሙስ ያስቀምጡበታል። አንድ ቀን አንደኛው በቀበቶው ዘለበት ጀርባውን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። «ቤሰደር፣ ምንም አይደለም» ብዬ ሳቅሁ።

እናቴ ጭረቱን አየችው።

«ማነው እንዲህ ያረገው?»

«ጓደኞቼ ናቸው።»

የያዘችውን ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «የእኛ ሽማግሌዎች ሻይ ይደፉበታል፣ እነሱ ሲቧጥጡት ግን ቤሰደር ነው? የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! እዚያ ስለ አንተ ሲመርቁኝ አሜን እያልሁ መሬት መሬቱን የማየው እኔ ነኝ!» አለችኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ውዱን ይዤ ሄድሁ። ሳልናገር፣ ማንም ሳይነቃብኝ፣ ነገሩን አስተካክላለሁ ብዬ ነው። ተጫወትሁ። ድምፁ ያንን ጠባብ ክፍል ሞላው፤ ጥግ ላይ የነበሩ ሁለት እናቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ዞሩ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ዘርግተው ጠርዙን ፈለጉ። ፕላስተሩን አጡት።

«ይኸ ያንተ አይዶለም» አሉ።

እውነቱን መናገር እዚህ ላይ ነበር። አፌን ከፈትሁ። እናቴ ሳህን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ተውሼ ነው አባባ» አልሁ።

«አውቄያለሁ። ድምፁስ መልካም ነው፣ ምን ይወጣለታል! ግን የሰው ዕቃ እንዳይሰበርብህ እየፈራህ ነው የተጫወትኸው። ለባለቤቱ መልስና ያንተኑ ውድ አምጣልን።»

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ልወጣ ስል ሽማግሌው ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ለባለቤቱ ምርቃቴን አድርስልኝ። እንዲህ ያለ ዕቃውን ለማያውቃቸው ሽማግሌዎች ብሎ ያዋሰ ልበ ሰፊ ሰው ነው። የወለደችው እናት ትባረክ በልልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«እነግረዋለሁ አባባ» አልኋቸው፤ እናቴ ከጓዳ «አሜን» ስትል ሰማኋት።