ቆሜ የተማርኩት ባሕር

የእህቴ ልጅ ግራና ከተማ የምትኖር ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላኩልኝ አለ። ከሁለት የከተማችን የመርሳ አዛውንቶች ጋር እኔንም ጨመሩኝ፤ ምላስ አለው ተብዬ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። መናኸሪያ ቁጭ ብዬ «ቀይ ባሕር ስዋኝ ማዕበሉ አንስቶ ከአሞራ ጋር አጋጨኝ» ያልኩት ወሬ ከእኛ ቀድሞ ግራና ገብቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ከሐይቅ ከተማው ሐይቅ የሚበልጥ ውሃ አይቼ አላውቅም።

እንደ ደንቡ፣ የልጅቱ አባት ቁጭ በሉ እስኪሉን ቆመን ጠየቅን። ሰውየው በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ጭነት ያወርዱ ነበር። እኔን ለይተው አዩኝ።

«ባሕር የዋኘኸው አንተ ነህ?»

«ወላሂ እኔ ነኝ!»

«ጨረቃ በጠፋች ሰሞን ታዲያ ባሕሩ እንዴት ነው?»

«ይተኛል አባ! ዓሣው ሳይቀር ያንኮራፋል።»

አንደኛው ሽማግሌ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ዘግይተዋል።

«በል አንተ ባሕር ሁን» አሉ የልጅቱ አባት። አንዱን ሽማግሌ ፀሐይ፣ ሌላውን ጨረቃ አደረጉና ጋቢዬን በአንድ ወገን አስያዟቸው። «ጨረቃ ስትጠፋ ይኸው ከፀሐይ ጋር ወግና ትስባለች። ውሃው አብዝቶ ይወጣል፣ አብዝቶ ይሸሻል።» ከዚያ ግራና ቀኝ አቆሟቸው፤ ጋቢዬ ሊቀደድ ደረሰ። «ስትሞላም ያው ነው። ግማሽ ስትሆን ግን አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ፊት ይስቡና ባሕሩ ይለዝባል።»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«ባላየው ነገር የሚምል አጎት ይዞ ለመጣ ልጄን እንዴት ልስጥ? ጨረቃ ስትሞላ ተመለሱ።»

ልጁ መርሳ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ፊቴን አይቶ ጋቢዬን ተቀብሎ ያዘልኝ፤ ከስድብ የከበደኝ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ጨረቃዋን ከጥፍር ጀምራ ስትፋፋ አየኋት። ዕድሜዬን ሙሉ በላዬ ስታልፍ፣ እኔ የማላውቀውን ውሃ እየጎተተች ኖሯል። የሷን ሥራ ሳላውቅ ስንት ማዕበል ፈጥሬ ሸጫለሁ!

በሞላች ጊዜ ያው ግቢ፣ ያው መቆም።

«ዛሬስ ባሕሩ እንዴት ነው?»

«አንቱ እንዳሉኝ ከሆነ አብዝቶ ይወጣል፣ አብዝቶ ይሸሻል። እኔ ግን ባሕር አይቼ አላውቅም፣ አባ።»

ወደ መደቡ በእጃቸው ጠቆሙ።

«ቁጭ በሉ» አሉ።

እግሬ ከመቆም ብዛት አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ሰምጦ ስለነበር፣ ለመቀመጥ ሽማግሌዎቹ ነቅለው አወጡኝ።